ያየሁት ቀን አላየሁም አልኩ

ልጅ ሳለሁ እግሬን ከአንገረብ፣ ቆላ ከምንተኛበት የጠፍር አልጋ፣ በታች አንጠልጥዬ ተቀምጬ አላውቅም። ዛሬም ቢሆን አልቀመጥም። ልጆቼ ሶፋው ላይ እግሬን ሰብስቤ ባዩኝ ቁጥር «እማዬ ደግሞ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ወጣች» እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ምክንያቱን ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

ቤታችን በሱዳን ድንበር ካለችው ከኮኪት ወደ ቆላው ወረድ ብሎ፣ ከአንዲት ማያ አጠገብ ነበር። ማያ ማለት ወንዝ በክረምት ሞልቶ ከዳር ሲወጣ ይዞት መጥቶ፣ ሲጎድል ጥሎት የሚሄደው ውሃ ነው፤ ስሙን ያመጡት ሱዳኖቹ ናቸው፣ እኛም ሌላ ስም አልነበረንም። ዙሪያዋን ደንገልና ሰው የሚውጥ ሣር ከቧት፣ መሃሏ ላይ አንድ ትልቅ የምስጥ ኩይሳ ቆሞ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ከእንቁራሪት ጩኸት በቀር ድምፅ አይሰማባትም ነበር። አባቴ ጡት ሳልጥል በወባ ሞቷል። ቤቱ ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወንድሜ አዱኛ፣ እኔ ትርንጎና የእናቴ አጎት አያ ፈንቴ ነበርን።

አያ ፈንቴ በወጣትነታቸው ከጭልጋ ወርደው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ከማያዋ አምባዛ እያጠመዱ፣ ሰንጥቀው እያደረቁ ይሸጡ ስለነበር ጋቢያቸው ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ «በሁለተኛውም ቢሆን የሚያዩት ማየት የፈለጉትን ነው» ትል ነበር እናቴ። ማታ ማታ አንገረቦቹን ደጅ እናወጣና ለትንኙ ጭስ ብለን የሰሊጥ አገዳና ኩበት እናነዳለን። አገዳው ቦግ ብሎ ወዲያው ይከስማል፤ ኩበቱ ግን ውስጥ ውስጡን እየጋመ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ጭሱን በዝቅታ እየዘረጋ ያመሻል። ፋኖሱ ከዳሱ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ያኔ ሬዲዮ ያለው ቤት ነበር ይባላል፤ እኛ ቤት አያ ፈንቴ ነበሩ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ የማያዋ እባብ ነበር። ወንዙ ጥሏት ሲሄድ ማያዋ አለቀሰች ይሉ ነበር። «ያለ ጠባቂ ለማን ትተወኛለህ?» አለችው። ወንዙም ዞር ብሎ ሳያያት ከጀርባው አንድ እባብ ፈትቶ ወረወረላት። ያ እባብ ዛሬም አለ፤ እንደ ክርስቲያን አንገቱ ላይ ነጭ ማተብ አለው፤ ወደ ውሃው የሚወርደውን ሁሉ ከሣሩ ውስጥ ሆኖ ይመዝነዋል። ጠምቶት የመጣውን ያሳልፋል። ሌላ ነገር ፈልጎ የመጣውን ግን ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ አንገረቡ ስር ተጠቅልሎ እግር እስኪወርድ ይጠብቃል። ስለዚህ ወደ ማያዋ የሚወርድ ሰው አንድ ጭብጥ ማሽላ ወደ ውሃው በትኖ «ለጥም ነው» ማለት አለበት። በሰፈራችን ይህን የማያደርግ አልነበረም፤ እየሳቁም ቢሆን ያደርጉታል።

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ያንን አንገረብ ስር መጠበቁን ነበር። ሽንቴ ቢመጣ እስኪነጋ ጭምቅ አድርጌ እይዛለሁ እንጂ እግሬን አላወርድም። አዱኛ ይህን ስለሚያውቅ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል የመጫኛ ጫፍ እግሬ ላይ ጣል ያደርግና ያስጮኸኛል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ አንች ግን ሳታይውም ትበረግጊያለሽ» ይለኛል፤ እሱ ሲስቅ እኔ አለቅሳለሁ።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት አፈሳው በረታ። የደርግ ዘመን ነው፤ ለሰሜኑ ጦርነት ወጣት ይፈለጋል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ይህን ያህል አምጣ ይባላል፤ እሱም ከገበያ፣ ከማሳ፣ ከለቅሶ ቤት ሳይቀር እያፈሰ በጭነት መኪና ወደ ገንዳ ውሃ ይልካል። ከሰፈራችን በዚያ መኪና ከሄዱት ልጆች ደብዳቤ የጻፈ አንድም አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ የአዱኛ አንገረብ ባዶውን ነበር። እናቴ ደጅ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ልጀ ጥሎኝ ሱዳን ገባ!» ብላ ጮኸች። ሊቀመንበሩ መጥቶ ቤቱን በረበረ፣ ጎታውን ሳይቀር በዱላ ወጋግቶ ሄደ። እኔም ወንድሜ እውነት የሄደ መስሎኝ፣ ማታ ማታ መጫኛ የሚጥልብኝ አጥቼ ሆድ ባሰኝ።

የአያ ፈንቴ እባብ ያደገው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ክንድ የሚያህል ነበር፤ አሁን ጭን አከለ። ድሮ ይመዝናል እንጂ አይነካም ነበር፤ አሁን የፍየል ግልገል ከነቃጭሏ ዋጠ። ደግሞ ለእኛ ብቻ መናገራቸውን ትተው ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ ለወረዱት ሰዎች፣ ውሃ ሊጠጡ ጎራ ለሚሉት ታጣቂዎች፣ ላገኙት ሁሉ ያወሩት ጀመር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ተረትም እንደ ዱባ እየቆየ የሚወፍር ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ሊያልቅ ሲል እናቴን ወባ ጣላት። አንገረቡ ሲጢጥ እስኪል ትንቀጠቀጥ ነበር። አያ ፈንቴ እጄን ይዘው ዓሣ ወደሚያደርቁበት ቆጥ ጀርባ ወሰዱኝ።

«ትርንጎ፣ ምስጢር ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ አያ» አልኩ፤ ይዤ ግን አላውቅም።

«አዱኛ ሱዳን አይደለም። ኩይሳው ጋ ነው ያለ። የጓንግ ወንዝ ሞልቶበት እንጅ ወደ ሱዳን ይሻገር ነበር። ቀለቡን እናትሽ ነበረች የምታደርስ። እኔ ከወጥመዴ ስፍራ አልፌ ከገባሁ ሽማግሌው ምን ፈልጎ ነው ይሉኛል። ውሃ ቀጅ ልጅ ግን ማን ልብ ይላታል? ከያዙት ግን ልጀ፣ ወንድምሽን ሁለተኛ አታይውም።»

ቀድሞ ከአፌ የወጣው ቃል ግን ስለ አዱኛ አልነበረም። «እባቡስ፣ አያ?» አልኳቸው።

በደህናው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። «ለጥም ነው በይና እለፊ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራውን በባዶ ገንቦዬ ውስጥ ከትቼ ጠዋት ጠዋት እወርድ ነበር። ማሽላዬን እበትናለሁ፣ «ለጥም ነው» እላለሁ፤ ለጥም አለመሆኑን ደግሞ አውቃለሁ። ሣሩ ከራሴ በላይ ነው። ውሃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ጉልበት ይደርሳል፣ ከስር ያለው ጭቃ እግሬን ይስበዋል፤ የሚነካኝ የቄጠማ ሥር ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልችልም። የውሃ ወፎቹ ይብራዎች ድንገት ቱር ብለው ሲነሡ ልቤ አብራቸው ትነሣለች። ኩይሳው ጋ ስደርስ አዱኛ ከደንገሉ መሃል ብቅ ይላል፤ ከስቷል፣ ትንኝ በልቶ ፊቱን አሳብጦታል። መጫኛ የሚጥልብኝ ልጅ ጠፍቷል። «እማዬ ተሻላት?» ይለኛል በሹክሹክታ፤ «ተሻላት» እለዋለሁ፤ እንጀራውን ሲጎርስ ጀርባዬን ሰጥቼው ሣሩን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ገንቦዬን ሞልቼ ስወጣ አራት አጫጆች ማጭድ ይዘው ወደ ማያዋ ሲመጡ አገኘኋቸው። አለቃቸው ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር፤ ለልጅ ሁሉ ደግ ነው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ለዳሳችን ደንገል ልናጭድ። ወዲያ ኩይሳው ጋ ያለው ያምራል አሉ።»

ማሰብ አልቻልኩም፤ አፌ ግን ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። «እንዳትገቡ! አየሁት! አሁን አየሁት!» ብዬ ገንቦዬን ለቀቅኩት፤ ተሰበረ። ሲከቡኝ ጊዜ ደግሞ እያለቀስኩ ጨማመርኩበት፤ ማተቡን፣ ውፍረቱን፣ ራሱን ከሣሩ በላይ አንሥቶ እንዳየኝ፣ ከወዲያ በምሥራቁ ዳር እንደ ጠፋ። እንባዬ የእውነት ነበር። ሰይድ በጋቢው ጫፍ ፊቴን ጠረገልኝና ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። በዚያን ሰዓት ወንድሜን ያዳንኩት መስሎኝ ኮራሁ፤ እንዲህ ያለ ተረት አያ ፈንቴም አልተናገሩ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ሰሊጡ ነው። ሰሊጥ ሰውን አይጠብቅም፤ በቀኑ ካልታጨደና ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ ሂላ ሆኖ ካልቆመ ፍሬው በቁሙ አፉን ይከፍትና ዘሩ ሁሉ መሬት ይረግፋል። የማኅበሩ ትልቁ ማሳ ደግሞ እስከ ማያዋ ጫፍ ድረስ ነበር። እባቡን ልጅ በዓይኗ አየችው ሲባል አጫጆቹ ወደዚያ ማሳ አንገባም አሉ። ተረት ሲሆን ይስቁ ነበር፤ እያለቀሰች የተናገረች ልጅ ግን ማንንም አላሳቀችም።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሊቀመንበሩ ምንሽር የያዙ ሁለት ታጣቂዎች አስከትሎ ደጃችን ቆመ። ምን እንዳሰበ ቀድሞ የሰማ አልነበረም።

«ለአንድ እባብ ብየ የማኅበሩን ሰሊጥ ለመሬት አላስበላም። ዛሬ ተፈልጎ ይገደላል። አየሁ ያለችው ልጅ ትምራን» አለ።

እናቴ ከአንገረቧ ላይ ቀና ለማለት ሞክራ አቃታት። አያ ፈንቴ ዱላቸውን አነሡ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ያየሽበትን ቦታ ብቻ ነው የምታሳይው፣ ገባሽ?» አሉኝ።

በምሥራቁ ዳር አስጀመርኳቸው። ሠላሳ የሚሆኑ አጫጆችና የሰፈራችን ሰዎች ክንድ ለክንድ ተራርቀው ተሰለፉ፤ ሣሩን በዱላ እየመቱ፣ እየጮኹ፣ ውሃውን እያንቦጫረቁ ገቡ። ጥቂት ገባ ብለው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን «ሳናዳርሰው አንወጣም» አለ፤ ሰልፉ ቀስ እያለ ወደ ኩይሳው ተጠጋ። ያን ዕለት የፈራሁትን ፍርሃት እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። እባቡ ይውጣ ብዬ ለመንኩ፤ ደግሞ አይውጣ ብዬ ለመንኩ። በእያንዳንዱ የዱላ ምት አዱኛ ከደንገሉ ተነሥቶ ሲሮጥ፣ ምንሽሩ ሲተኮስበት ይታየኝ ነበር።

ከኩይሳው ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀር ሰልፉ በራሱ ቆመ። ኩይሳ የእባብ ቤት መሆኑን የማያውቅ ቆለኛ የለም፤ ደገኞቹም በሰነበቱበት ጊዜ ተምረውታል። ሊቀመንበሩ ግቡ አለ፤ የሚንቀሳቀስ ጠፋ።

«እኔ ዋላሂ አልገባም» አለ ሰይድ። «ልጆች ላሳድግበት ነው የመጣሁት፣ ለእባብ ቀለብ ልሆን አይደለም።»

«እኔ ልግባ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ ቢበላኝም አይጎዳችሁ» አሉ አያ ፈንቴ።

«እርስዎ በየትኛው ዓይንዎ ሊያዩ?» አለ ሊቀመንበሩ፤ ወደ አንደኛው ታጣቂም ዞረ።

«እኔ እገባለሁ!» አልኩ።

«ኧረ ነውር ነው፣ ልጅቱን!» ብሎ ሰይድ አብሮኝ ሊገባ እግሩን ሲያነሣ ፊቱ ቆምኩ። «ተው! ሁለት ከሆንን ይቆጣል። እኔን ያውቀኛል፤ በየቀኑ ማሽላ እሰጠዋለሁ» አልኩት። ሰይድ ቆመ። ከቀሚሴ ጫፍ የቋጠርኩትን ማሽላ በተንኩና፣ «ለጥም ነው» ብዬ ደንገሉን ገልጬ ገባሁ።

አዱኛ ኩይሳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ ነበር። ላብ አጥምቆታል። ሲያየኝ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ዝም ብሎ እንዲቆይ ልነግረው ስጠጋ ዓይኔ ወደ እግሩ ወረደ።

ከተረከዙ አንድ ስንዝር የማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። መጀመሪያ የቄጠማ ሥር መሰለኝ፤ ከዚያ ሥሩ ተነፈሰ። የጭቃ መልክ ነበረው። ነጭ ማተብ የለውም፣ አንገቱ ላይ ምንም መስመር የለም፤ የአያ ፈንቴ እባብ አልነበረም። እውነተኛ መሆኑን ያወቅሁት በዚህ ነው። ርዝመቱ ከኩይሳው ወዲያ ስለዞረ አላየሁትም። ዓይኑ መርገብገብ አያውቅም፤ እኔን ይይ አዱኛን ይይ አላወቅሁም።

ብጮህ ሠላሳ ሰው ወደዚያች ስፍራ ይጎርፋል። ባልጮህ ደግሞ ወንድሜ እግሩን ትንሽ ቢያሸሽ አለቀለት። አዱኛ ፊቴን አይቶ የፈራሁት ሰዎቹን መሰለው፤ አይዞሽ በሚል ዓይን ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔ እንደ ተተከልኩ ቀረሁ። ሽንቴ በእግሬ መሃል ሲወርድ ሙቀቱ ይሰማኛል። ከወዲያ ሊቀመንበሩ «ምን አየሽ?» ብሎ ሲጮህ ይሰማኛል። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። በመጨረሻ ያ ነገር ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይቸኩል፣ ከአዱኛ ተረከዝ ኋላ ተንሸራተተና ወደ ውሃው ገባ፤ ደንገሉ እንኳ አልተነቃነቀም። አዱኛ አላየውም።

ተመልሼ ወጣሁ።

«አገኘሽው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የለም።»

«የት ሄደ ታዲያ?»

እባቡ አለ እስካልኩ ድረስ ፍለጋው አይቆምም። ይህ በዚያች ቅጽበት ወለል ብሎ ታየኝ። «መጀመሪያም አልነበረም። ዋሽቼ ነው። ምንም አላየሁም» አልኩ።

ሊቀመንበሩ የያዘውን ሸምበቆ ጀርባዬ ላይ ሰበረው። ሁለተኛውን ሊደግም ሲል አያ ፈንቴ መሃል ገቡ። አጫጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ሳቁ፤ ያን ያህል ፈርተው ስለነበር ሳቁ ቶሎ አልቆመም። ሰይድ ብቻ አልሳቀም፤ የረጠበ ቀሚሴን አይቶ ዓይኑን መለሰ። ሊቀመንበሩም «በሉ ወደ ሰሊጡ! ዛሬ ውሃ እንኳ ቆሞ የሚጠጣ እንዳላይ!» ብሎ ነዳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ «ውሸታሟ» ሆነ።

ሲመሽ አያ ፈንቴ አዱኛን ይዘው ወጡ። በማግስቱ ምሽት ብቻቸውን ተመለሱ። ጓንግ ገና ደረት ድረስ ነበር አሉ፤ ተሻግሮ ከወዲያኛው ዳር እጁን እንዳነሣ በደህናው ዓይናቸው አይተዋል። እናቴ ትኩሳቷ ለቋት ስለነበር በዝግታ፣ ይህን ጊዜ ጎረቤት እንዳይሰማ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ አያ ፈንቴ ከእኔ ፊት ለፊት አንገረባቸው ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው፣ ጭሱ በመሃላችን እያለፈ።

«ትርንጎ» አሉኝ። «እግርሽን አውርጅ። ያ እባብ የለም፤ እኔ ነኝ የፈጠርሁት። አዱኛ የገባ ጊዜ ደግሞ አወፈርሁት። ያን ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ግን የማትፈራ ልጅ ሌላውን አታስፈራም ብየ ተውኩት። በደልሁሽ፣ ልጀ። ከእንግዲህ አትፍሪ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። የፋኖሱ ብርሃን ግማሽ ፊታቸው ላይ ነበር።

«አያ፣ ማተብ የለውም» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«እባቡ። ማተብ የለውም። ጭቃ ነው የሚመስል። አዱኛ ተረከዝ አጠገብ ነበር፤ አዱኛ አላየውም።»

አሁንማ ከእኔ በለጥሽ ብለው የሚስቁ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ቀስ ብለው መጀመሪያ አንደኛውን፣ ቀጥለው ሁለተኛውን እግራቸውን ከመሬት አነሡና አንገረቡ ላይ ሰበሰቡ። ያን ማታ ተረት አልተነገረም።

መንግሥት ከተለወጠ ከብዙ ዓመት በኋላ አዱኛ ሽበት አውጥቶ፣ አማርኛውን በአረብኛ እየቀላቀለ ተመለሰ። አያ ፈንቴ ግን አልጠበቁትም። ማያዋም ዛሬ ግማሿ ታርሶ ሰሊጥ ሆናለች። አዱኛ ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ያን ወሬ ያነሣል፤ «ያ ሽማግሌ በባዶ ተረት አዳነኝ! ያን ሁሉ ቀን ደንገል ውስጥ ስኖር አንድ ትል እንኳ አላየሁ» ብሎ ይስቃል፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ አንዳንዱም ወደ እኔ ዞሮ «ውሸታሟ» ይለኛል። ለአዱኛ ልነግረው ብዙ ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ። የዳነው እሱ ነው፤ በሰላም ይተኛ። ያን ያህል ፍርሃት ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል?

ከተረቶቹ ብዙው ጠፍቶብኛል። የቀረኝ ያ የጭቃ መልክና ያ የማይርገበገብ ዓይን ነው። ለጥም ነው ብዬ ዋሽቼው ገብቻለሁ፤ ሌላ ነገር ፈልጌ እንደ መጣሁም ያወቀ ይመስለኛል፤ ግን አሳለፈኝ። እሱ ዝም አለልኝ፣ እኔም ሠላሳ ሰው ፊት የለም ብዬ ዝም አልኩለት። እግሬን ግን እስከ ዛሬ አላወርድም።